ቀለም ብቻ ወይስ ቀለምና ባና?

ደብረ ብርሃን ላይ በአክሪሊክ፣ ማለትም በውሃ በሚቀጥን የሥዕል ቀለም፣ መሳል ከብርዱ ጋር መታገል ነው። ከተማዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አክሪሊክ ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይያያዝም፤ ሲደርቅ ሊሰነጠቅ ይችላል። እኔ የምስለው እኩለ ቀን ላይ ነው። ጥሩነቱ ፍጥነቱ፦ ቀጭኑ ንብርብር በደቂቃዎች ይደርቃል፣ ሌላው ይደረባል። ሰማይን ቀስ ብሎ ማዋሃድ ለሚፈልግ ግን ይኸው ፍጥነት ያናድዳል። ውሃ ቢረጩበት ይዘገያል፤ ካበዙበት ሸራውን አይይዝም።

ቅይጡ፣ ማለትም ቀለምን ከባና (ከሱፍ ብርድ ልብስ) ጋር ማዋሃዱ፣ ሌላ ጨዋታ ነው። የአንኮበርን ገደል ለመሳል እኔ ባናውን እመርጣለሁ። የመንዝ ባና ቁራጭ በኮላ ይለጠፋል፤ በደንብ ሲደርቅ ቀለም ይቀባል። ሻካራነቱ በብሩሽ ብቻ አይመጣም። ሱፉ ስለሚከብድ ሸራው እንዳይረግብ ከጀርባው ጣውላ ይደረግ። የዘይት ቀለም ካማራችሁ መጨረሻ ላይ ይሁን፤ በዘይት ላይ የተቀባ አክሪሊክ ይላጣል።