ሆዴን አይተው ላልመለሱኝ ጋሼ

ይህን የምጽፈው በአንድ እጄ ነው። በሌላው ልጄን ይዣለሁ። ትናንት ስድስት ሳምንት ሞላት። ፊደል ብገድፍ፣ ሐሳብ ብዘል ይቅር በሉኝ። ግን ሳልረሳው፣ የአራስነቱ እንቅልፍ ጨርሶ ሳያደነዝዘኝ፣ አንድ ሰው ማመስገን አለብኝ። እግረ መንገዴንም መንዳት መማር ለምትፈልጉ ሁሉ፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር እህቶቼ፣ ሰውዬውን ልጠቁማችሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አገር ቤት ስለ መኪና የማውቀው «ወራጅ አለ!» ማለት ብቻ ነበር። እዚህም ያኖረኝ ራይድ ኦን አውቶቡስና ባቡር ነው። ባለቤቴ ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። «ቆይ፣ ትማሪያለሽ» ስንባባል እርግዝናው ቀደመን።

አምስተኛ ወሬ ላይ ኮልስቪል ሮድ ዳር አውቶቡስ ስጠብቅ ዝናብ ወረደብኝ። ጃንጥላ አልያዝኩም። እዚያው ቆሜ ማስላት ጀመርኩ። ልጅ በተወለደ በጥቂት ቀኑ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ከዚያ ክትባት አለ፣ የእኔም ቀጠሮ አለ። እናቴ መጥታ ልታርሰኝ ነበር፣ ቪዛ አላገኘችም። ባለቤቴ እንቅልፍ ካጣ ደግሞ መሪ ላይ እንዲቀመጥ አልፈልግም። ታዲያ ማን ሊወስደን ነው? እዚያው በስብሼ ወሰንኩ። ከመውለዴ በፊት መንጃ ፈቃድ አወጣለሁ አልኩ።

የጽሁፉ ፈተና አላስቸገረኝም። ከ25 ጥያቄ 22ቱን መመለስ ግድ ነው፣ መለስኩ። የመለማመጃ ፈቃዴን፣ ፐርሚት የሚሉትን፣ ያዝኩ። ሜሪላንድ ውስጥ ለአዲስ ነጂ የ36 ሰዓት ትምህርት አለ። 30ው ክፍል ውስጥ ነው፣ 6ቱ መኪና ላይ። 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ፐርሚቱን ቢያንስ 45 ቀን መያዝና 14 ሰዓት መለማመድ አለባችሁ፣ 3ቱ ሰዓት በማታ። የማታውን ከባለቤቴ ጋር ጨረስኩ። በዚያ ሦስት ሰዓት ውስጥ የተጣላነው በሦስት ዓመት ትዳር ከተጣላነው ይበልጣል። እባካችሁ ባል አያስተምራችሁ። ይህንን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ልመና ቁጠሩት።

አሁን ወደ መራሩ ልግባ። ስም አልጠራም፣ ፈጣሪ ያውቃቸዋል።

የተመዘገብኩበት ማሰልጠኛ የመደበልኝ አስተማሪ ስልክ ላይ ነበር የሚኖረው። እኔ መሪ ይዤ እየተንቀጠቀጥኩ እሱ በስልክ የቤት ኪራይ ይከራከራል። «ቀጥ በዪ» ይለኛል። ቀጥ አልኩ፣ ቀጥ አልኩ፣ ስድስቱ ሰዓት አለቀ። አንድ ቀን እንኳ ወደ ኋላ በደንብ አላስነዳኝም። ስጠይቀው «ፈተናው ቀላል ነው፣ አትጨነቂ» አለኝ።

እንግዲህ ፓራለል ፓርኪንግ፣ መንገድ ዳር በሁለት መኪና መካከል ገብቶ መቆም፣ ከሜሪላንድ ፈተና ከወጣ ቆይቷል፣ በፈረንጆቹ 2015 ነው የተወው። ወደ ኋላ እየነዱ ኮኖች መካከል ገብቶ መቆም ግን አለ። እዚያ ላይ ዞሮ ማየት ያስፈልጋል። ካሜራ ላይ አፍጥጦ መቅረት አያዋጣም። እኔ ደግሞ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። መዞር ስል ሆዴ አይዞርም። አንገቴ ብቻ ይዞራል፣ እሱም ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። የመጀመሪያው ፈተና ቀን ኮኑን ገጨሁት። መግጨት ብቻ አይደለም፣ ከጎማው ስር ይዤው ሄድኩ። በአራት ደቂቃ ተጠናቀቀ። ፈታኙ ሰውዬ ክፉ አልነበረም፣ «አይዞሽ፣ ሌላ ቀን» ብሎኝ ወረደ። አስተማሪው ግን ሆዴን አየት አድርጎ «እኔ እኮ መጀመሪያውኑ ወልደሽ ብትመጪ ይሻል ነበር» አለኝ። ገንዘቤን ሲቀበል ያ ሆድ የት ነበር?

ከዚያ በኋላ ለሌሎች አስተማሪዎች ስልክ መደወል ጀመርኩ። አንዱ «ስንት ወርሽ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «ወልደሽ ደውዪ» ብሎ ዘጋው። ሌላው «መኪናዬ ውስጥ ብትወልጂስ?» ብሎ ሳቀ፣ ከጎኑ ያለ ሰውም አብሮት ሳቀ። ሦስተኛው 70 ዶላር ቀብድ ተቀበለኝ። ቀኑ ሲደርስ ስልኩን አላነሳም። በር ላይ ቦርሳዬን ይዤ አንድ ሰዓት ቆምኩ። ያን ቀን ያለቀስኩት ለ70 ዶላሩ እንዳይመስላችሁ። ሁሉም ሰው ሆዴን እንጂ እኔን አለማየቱ ነው ያንገበገበኝ።

ጋሼን ያገኘኋቸው እንጀራ ልገዛ ገብቼ ነው። ሻጯ ልጅ «ምነው ፊትሽ?» አለችኝ፣ ዘረገፍኩላት። ምንም ሳትል ስልኳን አወጣችና ደውላ ሰጠችኝ። ጋሼ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስንት ወርሽ ነው አልነበረም፣ በካሽ ነው ወይስ በዜል፣ በስልክ ገንዘብ መላኪያው፣ አልነበረም። «ሐኪምሽ ምን አለች?» አሉኝ። መንዳት እችላለሁ ብላለች አልኩ። «እንግዲያውስ ማክሰኞ እመጣለሁ። የሚመችሽን ጫማ አድርጊ» ብለው ዘጉ።

ማክሰኞ ከሰዓታቸው ዐሥር ደቂቃ ቀድመው በር ላይ ነበሩ። ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው፣ ኮፍያ የማይለያቸው። አገር ቤት ከአዲስ አበባ አሰብ ተሳቢ ይነዱ ነበር። «የአሰብን መንገድ የነዳ ሰው አንቺን ይፈራል ብለሽ ነው?» ይሉኛል ይቅርታ በጠየቅኳቸው ቁጥር። በጣም ነበር የምጠይቀው።

መኪናዋ አሮጌ ኮሮላ ናት። ከመነሳታችን በፊት ወደ ሩብ ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ያጠፉት መቀመጫዬ ላይ ነው። ወደ ኋላ ገፉት፣ ከፍ አደረጉት፣ ስፖኪዮዎቹን ነካ ነካ አደረጉ። ምን እንደቀየሩ እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ውስጥ መተንፈሴን ነው። በመሪውና በሆዴ መካከል ያለውን በራሴ ስንዝር እንድለካ አደረጉኝ። «ከስንዝርሽ ይለፍ እንጂ አይነስ» አሉ። ቀበቶውንም የታችኛው ከሆዴ ስር ዳሌዬ ላይ፣ የላይኛው በጡቶቼ መካከል እንዲያልፍ ነገሩኝ። ነርሷም እንዲሁ ብላኝ ነበር። የመጀመሪያው አስተማሪ ግን ሆዴ ላይ ታስሮ ስነዳ አይቶ ዝም ብሏል።

ወደ ኋላ መንዳቱን ያስለመዱኝ ሰው በሌለበት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ኮን የለንም። አራት ባዶ የቀለም ባልዲ ከመኪናዋ የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥተው ደረደሩ። መዞር እንደማልችል ሲያዩ በእፍረት ቀላሁ። እሳቸው ግን በአንገቴ ሳይሆን በዳሌዬ እንድዞር አሳዩኝ፣ ራሳቸው ሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሆድ እንዳለው ሰው እያቃሰቱ። ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ ያሉኝን ግን አልረሳም። «ልጄ፣ መቆም ይቻላል እኮ። ካላየሽ ቁሚ። ተነፍሺ፣ እዪ፣ ከዚያ ቀጥዪ። የሚያሯሩጥሽ የለም።» ማንም አልነገረኝም ነበር። ወደ ኋላ መሄድ ከተጀመረ እስኪያልቅ በአንድ ትንፋሽ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ባልዲ የነካሁት ሁለቴ ብቻ ነው።

አሁን ግን ይህን ጽሁፍ ያስጀመረኝን ነገር ልንገራችሁ።

ሰባትና ስምንት ወር ያረገዘች ታውቀዋለች። በየሃያ ደቂቃው ሽንት ይመጣል። እኔ ደግሞ በአባቴ ዕድሜ ያለን ሰው «ሽንቴ መጣ» ማለት አልችልም። ይዤ ልነዳ አስቤ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት እንደነዳሁ ጋሼ «እዚህ ነዳጅ ማደያ ግቢ፣ ቡና ልግዛ» አሉኝ። ገባሁ። «አንቺም ውረጂ፣ እግርሽን አፍታቺ» አሉ። ወረድኩ፣ እግረ መንገዴን ጉዳዬን ጨረስኩ። ትንሽ ቆይተው እንደገና «ቡና አማረኝ» አሉ። በየትምህርቱ እንዲህ ነው። አንድ ቀን አራት ጊዜ ቡና ገዙ። ለባለቤቴ «ሰውዬው ሱሰኛ ናቸው፣ ልባቸው እንዳይቆም» ብዬዋለሁ።

ከወለድኩ በኋላ ባለቤታቸው ገንፎ ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ስመውኝ ተቀመጡ። እናቴ በሌለችበት ቤት የገንፎ ሽታ ለአራስ ምን እንደሚያደርግ አልነግራችሁም። ቡና ላፈላላቸው ተነሳሁ፣ ተቆጥተው አስቀመጡኝ። «ለጋሼስ ቡና በፔርሙስ ልላክላቸው፣ መቼም ሲወዱት» አልኩ። ሴትዮዋ ግራ ገባቸው። «እሱ? ጨጓራው ነው እንጂ! ቡና ካቆመ ስድስት ዓመቱ» አሉኝ።

ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። ያ ሁሉ ቡና ሲደፋ ነው የኖረው። እንዳላፍር ብለው።

የፈተናው ቀን ስምንተኛ ወሬ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ጋሼ አንድ ሰዓት ቀድመው አደረሱኝ። በአካባቢው አንዴ አዞሩኝ፣ እንደ ልማዳቸው «ቡና» ገዙ። ፈታኟ ሴት ናት። ሆዴን አይታ ወንበሬን ማስተካከል ከፈለግሁ ጊዜ ውሰጂ አለችኝ። ኮኖቹ ጋ ስደርስ ልጄ በሙሉ ኃይሏ ረገጠችኝ። ቆምኩ። ተነፈስኩ። አየሁ። ቀጠልኩ። እንደገና ቆምኩ። ገባሁ! ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ብትጠይቁኝ አላስታውሰውም። ስቶፕ ሳይን ላይ ሙሉ በሙሉ መቆሜን፣ ፍሬቻ ማብራቴን ብቻ አስታውሳለሁ። ስመለስ ጋሼ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። አለፍኩ ስላቸው «እኔማ አውቄያለሁ፣ ልጂቱ አልፋለች፣ አንቺ አግዘሻት ነው» አሉኝ። ሴት መሆኗን ገና እኔም አላወቅኩም ነበር እኮ።

እንግዲህ የምላችሁ ይህን ነው። መንዳት የምትፈሩ፣ የወደቃችሁ፣ ያረገዛችሁ፣ ያረጃችሁ፣ ባላችሁ ሲያስተምራችሁ ልትፋቱ የደረሳችሁ፣ ወደ ጋሼ ሂዱ። ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ለምትኖሩ ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን አደባባይ ላይ እንዳልለጥፍ ለምነውኛል፣ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። እሳቸው ሰዓት ያከብራሉ፣ እናንተም ሰዓት አክብሩ። ዋጋቸው ከሌሎቹ አይበልጥም። እንዲያውም የመጨረሻውን ቀን አላስከፈሉኝም፣ «ለልጅቱ ዳይፐር» ብለው። ደግሞ አንድ አደራ፦ ቡና ልግዛልዎት አትበሏቸው።

ትናንት የስድስት ሳምንት ቀጠሮዬ ነበር። ልጄን ከኋላ ወንበሯ ላይ አስሬ ብቻችንን ሄድን። ክሊኒኩ ማቆሚያ ባዶ ነበር፣ ፊት ለፊት ዘው ብሎ መግባት ይቻላል። እኔ ግን አለፍኩና ወደ ኋላ ገባሁ። ቆሜ፣ ተንፍሼ፣ ዞሬ እያየሁ። ሆዱ የለም፣ አሁን ሙሉ በሙሉ እዞራለሁ። ወርጄ ፎቶ አነሳሁና ለጋሼ ላኩላቸው።

ወዲያው መለሱልኝ፦ «የግራ ጎማሽ መስመር ረግጧል።»