በባሌስትራ ዋጋ የተሸጠልኝ የላሜራ ጎራዴ

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ገና ሳይበርድ ነው። ከሦስት ቀን በፊት፣ በዓድዋ በዓል ዋዜማ፣ በእጅ የተሠራ የጥንት ጎራዴ ቅጂ ነው ተብዬ 22,000 ብር የከፈልኩበት ዕቃ በማግስቱ ጠዋት በአባቴ እጅ ላይ እንደ ቆርቆሮ ታጥፎ ቀረ። የሻጩን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በር ላይ ጋሻና ጦር ሰቅሎ፣ ገና ሳትቀመጡ ቡና የሚያዝላችሁ፣ «ሌላ ቤት ጠይቀው ይምጡ» እያለ ልባችሁን የሚያሳርፍ፣ ከዚያም «ለእርስዎ ስለሆነ» ብሎ ሁለት ሺህ ብር የሚቀንስላችሁ የስጦታ ዕቃ ነጋዴ ነው።

እኔ የፈለግሁት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ አልነበረም። ቅድመ አያቴ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ይዘውት ዘመቱ የሚባለው፣ አያቴም በጣልያን ወረራ ጊዜ በአርበኝነት የታጠቁት ጎራዴ በ1969 ዓ.ም. በተደረገው የቤት ለቤት አሰሳ ተወስዶ በዚያው ቀርቷል። ለቤተሰቡ የተረፈው አያቴ ጎራዴውን በቀኝ ጎናቸው ታጥቀው የተነሡት አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን የብዙ ጎራዴዎች ብረት ከአውሮፓ፣ በተለይም ዞሊንገን ከምትባለው የጀርመን ከተማ እየመጣ እጀታውና ሰገባው እዚሁ አገር ይሠራለት ስለነበር፣ የዚያን ዓይነት ብረት አገኛለሁ ብዬ አልተመኘሁም። የአውራሪስ ቀንድ እጀታም አልጠየቅሁም፤ የበሬ ቀንድ በቂ ነበር። የተስማማነው ብረቱ ከመኪና ባሌስትራ፣ ማለትም የመኪናውን ክብደት ከሚሸከመው ተጣጣፊ ብረት፣ በእጅ ተቀጥቅጦ እንዲሠራ፣ ሰገባው ቀይ ቆዳ እንዲለብስና ማንገቻው እንደ ፎቶግራፉ በቀኝ በኩል የሚታጠቅ እንዲሆን ነው። 14,000 ብር ቀብድ ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ «እኛና እርስዎ በደረሰኝ እንፈላለጋለን እንዴ?» ተባልኩና አፍሬ ዝም አልኩ። በአንዲት ቁራጭ ካርቶን ላይ «14 ቀብድ፣ ቀሪ 8» ተብሎ ተጽፎ ተሰጠኝ።

አሁን ደግሞ ሌሊት ሌሊት በዓይኔ ላይ የሚመላለሰውን ሰዓት ልንገራችሁ። የካቲት 22 ማታ ስሄድ ሱቁ በገዢ ተጨናንቋል። ሰውየው ከሩቅ አይቶኝ «የአባትዎ ዕቃ ደርሷል» አለና አንድ ጎራዴ አውጥቶ ከሰገባው መዘዘው። ጫፉን በጣውላው ወለል ላይ ተክሎ በሁለት እጁ ተጫነው፤ ብረቱ እንደ ቀስት ጎበጠ፤ ሲለቀው ድንግ ብሎ ቀጥ አለ። «የባሌስትራ ልጅ ይሏል ይሄ ነው!» አለ። እጀታው አጠገብ እንደ ጭረት ያለች አንዲት ምልክት አየሁና ጠየቅሁት፤ «የመዶሻ ምልክት ናት፤ በማሽን ያልተሠራ መሆኑን የምታውቁት በእሷ ነው» አለኝ፤ እኔም ሞኙ ደስ አለኝ። ከዚያ «በሥርዓት ጠቅልዬ ላምጣልዎ» ብሎ ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። ሦስት ደቂቃ ያህል ቆየ። የፕላስተሩ ድምፅ እየተሰማኝ፣ በዚያች ሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ስምንት ሺውን ብር እየቆጠርኩ ነበር። በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ከላይ እስከ ታች በፕላስተር የታሰረ ዕቃ ይዞ ወጣ። «የሰገባው ማጣበቂያ ገና አልደረቀም፤ እስከ ነገ ጠዋት እንዳይመዙት፤ ቆዳው ይላቀቃል» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። አዎን፣ አመስግኜዋለሁ።

ጠዋት አባቴ ጥለቱ ሰፊ የሆነውን ኩታቸውን ለብሰው፣ የልጅ ልጆቻቸው ከብበዋቸው ጥቅሉን ፈታን። ማንገቻው በግራ የሚታጠቅ ሆኖ ተሰፍቷል። ብረቱ ላይ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» መባል የነበረበት ጽሑፍ ፊደል ጎድሎት «ዘምነገደ» ተብሏል። እጀታው ቀንድ ሳይሆን ጥቁር የተቀባ ፕላስቲክ ነው። አባቴ ይህን ሁሉ አይተው እንዳላዩ ሆኑ፤ ልጃቸው እንዳያፍር ብለው ነው። ከዚያ አያቴ ያደርጉት እንደነበረው ጫፉን መሬት አስነክተው ትንሽ ደገፍ ሲሉበት ብረቱ ጎበጠ፤ ሲለቁትም አልተመለሰም። አባቴ ጥቂት አዩትና «ያዘዝከው ጎራዴ ነው ወይስ ሾተል?» አሉኝ፤ ሾተል እንደ ማጭድ የጎበጠው የጥንት ሰይፍ ነው። ልጆቹ ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

በኋላ የጠየቅሁት አንድ ቀጥቃጭ ነገሩን በሁለት ቃል ነው ያስረዳኝ። ባሌስትራ በእሳት ቀልቶ ዘይት ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፤ እንደገና በልኩ ሲሞቅ ደግሞ ስብርብር የማለት ጠባዩን ትቶ እየጎበጠ የሚመለስ ብረት ይሆናል። ላሜራ ግን በውስጡ ያለው ካርቦን ጥቂት ስለሆነ የፈለገውን ያህል ቢያግሉትና ቢነክሩት አይጠነክርም፤ አንዴ ከታጠፈ ታጥፎ ይቀራል። የእኔን ጎራዴ ጠርዝ በሞረድ አንድ ጊዜ ሲፍቀው ሞረዱ እንደ ሳሙና ገባበት። በግራይንደር ተቆርጦ የወጣ ላሜራ ነበር፤ መዶሻ የሚባል ነገር አላረፈበትም። ይህን የምለው ባለእጆቹን ለማማት አይደለም። ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ የከለከሉት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ እኔን ያታለለኝም መዶሻ ጨብጦ የማያውቅ ነጋዴ ነው።

በዓሉ ባለፈ ማግስት ዕቃውን ይዤ ተመለስኩ። መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ግድግዳው ላይ ነው፤ ዋዜማ ማታ በፊቴ የጎበጠውና የተመለሰው ጎራዴ፣ እጀታው አጠገብ ያለችው ምልክት ሳትቀር፣ ለቀጣዩ ሞኝ ተሰቅሎ ይጠብቃል። በጣቴ ባሳየው ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ቀብድ ሲቀበል «እርስዎ» ይለኝ የነበረው ሰው ያን ዕለት «አንተ» አለኝ። «ለፎቶ የሚሆን ዕቃ ነው የሸጥኩልህ፤ አንተ ልትዋጋበት ነበር እንዴ?» አለ። ረዳቱ ወጣት ደግሞ ስልኩን እየነካካ «ጣልያን እኮ ከሄደ ቆየ» ብሎ ጨመረበትና ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ካርቶኗን አውጥቼ ሳሳይ «ይህ የማን ጽሑፍ ነው?» ተባልኩ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ መኖሩን አላጣሁትም፤ ነገር ግን ደረሰኝ የሌለው ሰው ይዞ የሚቀርበው ምን አለው? ስምም ማኅተምም የሌለባት ቁራጭ ካርቶን ናት። እስካሁን የሚያንገበግበኝም ከብሩ ይልቅ «በደረሰኝ እንፈላለጋለን እንዴ» ሲለኝ ማፈሬ ነው።

ጎራዴም ሆነ ሾተል ወይም ጊሌ የሚባለውን የአፋር ጩቤ የምታሠሩ ካላችሁ ቀሪውን ከመክፈላችሁ በፊት ራሳችሁ ምዘዙት፤ ካያችሁትም በኋላ ከእጃችሁ እንዳይወጣ፤ ጥቅልሉን እናንተው ጠቅልሉ። በኪሳችሁ ትንሽ ሞረድ ይዛችሁ ሂዱና ከእጀታው ሥር በማይታይ ቦታ ሞክሩት፤ ሻጩ ከከለከላችሁ ቡናውን ጠጥታችሁ ውጡ።