ጠላ ወይስ ኮረፌ?

ሁለቱንም ባህላዊ መጠጦች ገብስና ጌሾ ያገናኛቸዋል። ጠላ ግን ብቅል፣ እንኩሮ (ተለውሶ ምጣድ ላይ የታመሰ ዱቄት) እና ደረቆት (ተቆልቶ የተፈጨ እህል) አለበት። በወይራ በታጠነ ጋን የተጠመቀ ከሆነ መጀመሪያ አፍ ላይ የሚመጣው ጭሱ ነው። ከዚያ ኮምጠጥ ይላል፤ የጌሾው ምሬት ጉሮሮ ላይ ይቆያል። ከጥሬ ሥጋ ወይም ከቆሎ ጋር ወደር የለውም። ጉሹን፣ ገና ያልጠለለውን፣ የሚወድም አለ፤ እኔ ጠልሎ ሲጠራ ነው የምወደው። ከ10 ዘጠኝ።

ኮረፌ የጎንደር ነው። የተፈተገው ገብስ ተዘፍዝፎ፣ ተቆልቶና ተፈጭቶ ከጌሾ ጋር ይደፈደፋል፤ ድፍድፉ ወራት ሊቆይ ይችላል። ሲፈለግ ቀንሰው ውሃ ይጨምሩበታል፣ በማግስቱ ይጠጣል። ወፈር ያለ ነው፤ ሆድ ይይዛል። ለረጅም ጨዋታ ግን ይከብዳል፣ ሁለተኛው ጣሳ ላይ እጅ ሰጥቻለሁ። ሰባት። ጎንደሬ ወዳጆቼ ይቅር ይበሉኝ!