የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮንና ግራጫ ሲሊኮን በአሮጌ ኮሮላ ላይ፦ ከክረምት መግቢያ እስከ ፋሲካ

መኪናዋ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1990ዎቹ ኮሮላ ናት፤ ሞተሯ 1.6 ሊትሩ ፎር-ኤ ኤፍኢ። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የቫልቭ ክዳኑን ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ የላይኛው ክዳን ስር ገብቶ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎማ፣ እቤት ቀየርኩት፤ ማዕዘኖቹ ላይ ክፍተት የሚደፍን ግራጫ ሲሊኮን ጨመርኩ። አሁን ፋሲካም አልፏል። አንድ ዕቃ በተገጠመ ሳምንት ማን የማያመሰግነው አለ? እኔ የምጽፈው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

ችግሩ የጀመረው በዘይት ሽታ ነበር። መብራት ይዞኝ ስቆም የተቃጠለ ዘይት ወደ ውስጥ ይሸተኛል፤ ማታ ደግሞ ግቢው ንጣፍ ላይ ጠብታ ይቀራል። ያየው መካኒክ ጎንበስ ብሎ ከስር አየና «የኋላ ፓራኦሊዮ ነው፣ ካምቢዮ ይውረድ» አለኝ፤ ፓራኦሊዮ በሞተሩ ኋላ፣ ካምቢዮው (ማርሽ ሳጥኑ) በሚገጠምበት በኩል ዘይት የሚይዘው የጎማ ቀለበት ነው። ይህ ፍርድ ለብዙ አሮጌ መኪና በችኮላ ይሰጣል። ዘይት ከላይ ካፈሰሰ የሞተሩን ጎን ይዞ ይወርዳል፣ ሲነዳ ደግሞ ንፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የሚንጠባጠብበት ሌላ፣ የሚወጣበት ሌላ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ቀዝቃዛውን ሞተር በናፍጣና በብሩሽ አጠብኩት። የአዲስ አበባ አቧራ ከዘይት ጋር ተጋግሮ የሠራው ጭቃ በካቻቢቴ ነው የተነሣው። በደንብ ከደረቀ በኋላ በጠረጠርኩት ቦታ ሁሉ የሕፃናት ፓውደር ነሰነስኩና ከሳሪስ ቃሊቲ ደርሼ ተመለስኩ። ኮፈኑን ስከፍት ከቫልቭ ክዳኑ ጠርዝ ጀምሮ ነጩን ፓውደር ሰንጥቆ የወረደ ጥቁር መስመር ጭስ ማውጫው ድረስ ደርሷል። የካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለው) ገመድ ስነቅልም ጎማው ዘይት ነክሮት ወጣ። ከዚያ በኋላ ስለ ካምቢዮ ማውረድ ማን ይሰማል?

ጓርኒሲዮኑን የገዛሁት ሱማሌ ተራ ነው። ሻጩ ሁለት አወጣልኝ። «ወንድሜ፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው፣ ይሄ ደግሞ ያው ነው፣ ዋጋው ብቻ ይለያል» አለኝ። ያው አልነበረም። ርካሹን ሳጥፈው እንደ ፕላስቲክ ይደርቃል፣ ስለቀው ቀስ እያለ ነው የሚዘረጋው። ውዱ ግን ለስላሳ ነው፣ ወዲያው ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ዋጋው እጥፍ ገደማ ነበር፤ ውዱን ወሰድኩ። የካንዴላ ጉድጓዶቹን ጎማዎችና ከዳዶዎቹ ስር የሚገቡትን የጎማ ቀለበቶችም አብሬ ገዛሁ፤ እነሱን አሮጌ ትቶ ዋናውን ብቻ መቀየር ግማሽ ሥራ ነው።

ክዳኑን ሳነሣ ከእኔ በፊት የነካው ሰው ጥበብ ተገለጠ፦ ዙሪያውን ሙሉ ቀይ ሲሊኮን፣ አሮጌው ጓርኒሲዮን ላይ ተለጥፎ። ትርፉ ወደ ውስጥ ተገፍቶ እንደ ትል ተንጠልጥሏል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቁራጩ ተገንጥሎ ኮፓ (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ከወደቀ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ሊደፍን ይችላል፤ ያኔ ወጪው የጓርኒሲዮን ሳይሆን የሞተር ይሆናል። ከሥራው ሁሉ ረጅሙ ያንን ሲሊኮን መፋቅ ነበር፤ ፍርፋሪው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ክፍቱን በጨርቅ ሸፍኜ፣ አሉሚኒየሙ እንዳይጫር በፕላስቲክ መፋቂያ። ቀጥሎ ንጹሕ ጨርቅ በቤንዚን ነክሬ ጠረግኩት፤ ዘይት ያለበት ብረት ላይ ሲሊኮን አይይዝም።

ግራጫው ሲሊኮን የገባው የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) መያዣ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ጋር በሚገናኝባቸው ማዕዘኖች ላይ ብቻ ነው። እዚያ ትንሽ ክፍተት ስላለ ጎማው ብቻውን አይሞላውም። የቀረው ቦታ ደረቅ ጎማ ነው። ዳዶዎቹን በመጠኑ አጠበቅኩ፤ ለዚህ ሞተር 6 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃል፣ ማለትም በአጭር ቁልፍ፣ በእጅ አንጓ ብቻ። ጉልበት የሚጨምር ሰው ጎማውን ይጨፈልቀዋል፣ ክዳኑንም ያጣምመዋል። ከዚያ ለአንድ ቀን ሳላስነሣት አቆምኳት፤ ሲሊኮኑ የሚደርቀው ከአየር እርጥበት ጋር ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚረሳው የፒሲቪ ቫልቩን ነው። ሞተር ውስጥ የሚፈጠረውን ጋዝ የሚያስተነፍሰው እሱ ነው፤ ሲደፈን ግፊቱ መውጫ ያጣና ዘይቱን በጓርኒሲዮኑ ይገፋዋል። የእኔን ነቅዬ ሳነቃንቀው ድምፅ የለውም። ደህናው ሲነቃነቅ ይንኳኳል። አዲስ አስገባሁ። እውነቱን ለመናገር ከጓርኒሲዮኑ እኩል ውለታ የዋለው ይህ ይመስለኛል።

አሁን ያለበት ሁኔታ፦ የካንዴላ ጉድጓዶቹ ደረቅ ናቸው፣ ሽታው የለም፣ የሲሊኮኑ ማዕዘኖችም አልተላቀቁም። ክረምቱን በጎርፍ፣ በጋውን በላንጋኖ መንገድ ሙቀት አልፋለች። ሙሉ በሙሉ ድርቅ ብላለች ግን አልልም። ዲስትሪቢውተሩ (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው) ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ትንሽ ታልባለች፤ እሱ የራሱ የጎማ ቀለበት ያለው ሌላ ቦታ ነው፣ እሱም ተራው ይደርሳል። ከኋላው ፓራኦሊዮ በኩልም ጥቂት እርጥበት አለ። እሱን ፍሪሲዮን ስቀይር፣ ካምቢዮ መውረዱ ካልቀረ፣ በዚያው አስቀይረዋለሁ።

ዘይት ውስጥ የሚጨመረውን የፍሳሽ «ማቆሚያ» ፈሳሽ ከዚህ በፊት ሞክሬዋለሁ። ሥራው የደረቀ ጎማን ማለስለስና ማሳበጥ ነው፤ ለተሰነጠቀ ጓርኒሲዮን ምንም አላደረገም። በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ አሮጌዋን መያዝ ግድ ለሆነብን ሰዎች ያ ገንዘብ ለጥሩ ጎማ ቢውል ይሻላል።

ስለ ሲሊኮኑ አንድ ቅሬታ አለኝ። ትልቁን ቱቦ ነበር የሸጡልኝ፣ ለማዕዘኖቹ የፈጀው ግን የጣት ጫፍ የምታህል ነው። የቀረውን ክዳኑን አጥብቄ ዘግቼ ባስቀምጠውም ጥቂት ወራት ቆይቼ ስከፍተው እስከ ታች ድንጋይ ሆኗል። ትንሿን ቱቦ ጠይቁ።