ቅጠል ጊንጥ ዓሣ ለአኳሪየም፦ ተርቦም ጠግቦም መልኩ አንድ ነው

ሻጮች ይህን ዓሣ ሲያሞግሱ ሦስት ነገር ይደጋግማሉ፦ አይዋኝም፣ አይጣላም፣ ሰፊ ቦታ አይፈልግም። ሦስቱም እውነት ነው። አራተኛውን የሚናገር ግን የለም፤ ቢርበውም ምልክት አይሰጥም። ሌላው የአኳሪየም ዓሣ ሲርበው መስታወቱ ሥር ይመላለሳል፣ ክዳኑ ሲከፈት ሽቅብ ይወጣል። ቅጠል ጊንጥ ዓሣ ግን ሆዱ ሞልቶም ባዶ ሆኖም ያችው ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ከአምስት ኮከብ አራት እንሰጠዋለን። አንዷ የጎደለችው በዓሣው ጥፋት አይደለም፤ «ቀላል ነው» ተብሎ የሚሸጥበት መንገድ ገዢውን ስለሚያሳስት ነው።

ሳይንሳዊ ስሙ ቴኒያኖቱስ ትሪያካንቱስ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ላሴፔድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1802። ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ አንስቶ እስከ ሃዋይና ጋላፓጎስ ደሴቶች ድረስ በኮራል ሪፎች ላይ ይኖራል። ቢያድግ ቢያድግ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከጎን ሲያዩት ሰፊ ነው፤ ከፊት ሲያዩት ግን ስስ፣ ተጨፍልቆ የወጣ ይመስላል። የጀርባ ክንፉ እንደ ሸራ ከፍ ብሎ ይቆማል። በተቀመጠበት ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ይህን ያላወቀ አዲስ ገዢ ሚዛኑን የሳተ መስሎት ይደነግጣል፤ ዓሣው ግን ማዕበል የሚያንገላታው ቅጠል መምሰሉ ነው። ቢጫ፣ ሮዝ፣ ቀይ፣ ቡናማ፣ ነጭና ጥቁር ይገኛል። ለደማቁ ቀለም ተጨማሪ መክፈልን ግን አንመክርም፤ ቆዳውን ሲቀይር ቀለሙም አብሮ ሊለወጥ ይችላል።

ለገበያ የሚቀርበው ከባሕር የተያዘ ስለሆነ ሱቅ የሚደርሰው ለቀናት ሳይበላ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ከጎን ሁልጊዜ ሰፊ ስለሚመስል ክሳቱ የሚታወቀው ከፊት ወይም ከላይ ሲታይ ብቻ ነው። ከጭንቅላቱ በስተኋላ፣ የጀርባ ክንፉ ከሚጀምርበት ግራና ቀኝ ያለው ሥጋ ጎድጎድ ካለ፣ ሆዱም ወደ ውስጥ ከገባ አይግዙት። ስንጥቡ ቶሎ ቶሎ የሚከፈትና የሚዘጋም ይቅር። ቀጥሎ ሻጩ አንድ ሕያው ሽሪምፕ እንዲጨምር ይጠይቁ። ጤነኛ ከሆነ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ዓይኑ ነው፤ ሽሪምፑን ተከትሎ ይዞራል። ከዚያ በደረት ክንፎቹ እየተንፏቀቀ፣ እየተወዛወዘ ይጠጋል፣ አፉ ድንገት ይከፈታል፣ ሽሪምፑ የለም። ዓይኑ እንኳ ካልተከተለ ቀብድ አስይዞ ከሳምንት በኋላ መመለስ ይሻላል።

ለአንድ ዓሣ 75 ሊትር ገንዳ ይበቃዋል። 110 ሊትር ቢሆን ግን እንመርጣለን፤ ዓሣው ስለሚዋኝበት ሳይሆን ውሃው በቀላሉ ስለማይበላሽ ነው። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ የጨዋማነት ልኩ (ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት) ከ1.023 እስከ 1.025፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ8.1 እስከ 8.4 ይሁን። ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጡት መርዛማዎቹ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆን አለባቸው፤ ይህም ማለት ገንዳው እነዚህን የሚያስወግደው ባክቴሪያ እስኪረጋ ድረስ ሳምንታትን ቆይቶ ነው ዓሣ የሚገባበት። ውሃው ዝግ ብሎ ይዙር። የፓምፑ መሳቢያ አፍ በስፖንጅ ካልተሸፈነ ይህ ደካማ ዋናተኛ ተስቦ ይጣበቅበታል። አንድ ከፍ ያለ ድንጋይ ከፊተኛው መስታወት አጠገብ ያስቀምጡ፤ ከኋላ ከተሸሸገ መክሳቱን ማየት አይቻልም። ዓሣውን ወደ ገንዳው ሲያስተላልፉ መረብ አይጠቀሙ፤ እሾሁ ይጠላለፋል። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት የገንዳውን ውሃ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረጉ ካለማመዱ በኋላ በፕላስቲክ ዕቃ ማንሳት ነው።

ዋናው ሥራ ግን ማብላቱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታለፉት በሕያው ሽሪምፕ ነው፤ የሚመቸውም ርዝመቱ 2 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ፣ ሰውነቱ ብርሃን የሚያሳልፍ የጨው አልባ ውሃ ሽሪምፕ ነው። ሽሪምፑ ራሱ ባዶ ሆዱን ከሆነ ለዓሣው የሚተርፈው ቅርፊት ነው፤ ስለዚህ ቀን ቀደም ብሎ የዓሣ ምግብ ፍርፋሪ ይብላ። በየሁለት ቀኑ ሁለት ሦስት ሽሪምፕ ይበቃል። ርካሽ ነው ብሎ ትንንሽ ወርቃማ ዓሣ መስጠት ትልቅ ስህተት ነው፤ ሥጋው ውስጥ ያለው ታያሚኔዝ የተባለ ኢንዛይም ቫይታሚን ቢ1ን ያፈርሳል። ዓሣው ለጊዜው ጠግቦ ይታያል፤ ጉዳቱ የሚገለጠው ዘግይቶ ነው።

ወደ ሙት ምግብ የሚሸጋገረው በዘንግ ነው። ፍሪዘር ውስጥ የተቀመጠ ማይሲስ (ሽሪምፕ መሳይ ትንሽ የውሃ እንስሳ) ወይም ተለቅ ያለ የሽሪምፕ ሥጋ በገንዳው ውሃ ይቅለጥ፤ ቁራጩ ከዓሣው አፍ ስፋት አይብለጥ። ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም፣ ጫፉ ባልሾለ፣ ቀለም በሌለው የፕላስቲክ ዘንግ ጫፍ ላይ ይሰካል። የብረት ወረንጦም ይሠራል፤ ሲያብረቀርቅ ግን ዓሣው ይሸሻል፣ አፉንም ሊያቆስል ይችላል። ፓምፑን ያጥፉ። መጀመሪያ አንድ ሕያው ሽሪምፕ ይስጡት፤ አደኑ ሲቀሰቀስ ዘንጉን ከፊቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከጎን በኩል ያቅርቡ። ነቅነቅ፣ ቆም፣ ነቅነቅ፣ ቆም። ያለማቋረጥ የሚንቀጠቀጥ ነገር ሽሪምፕ አይመስለውም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ትዕግሥታቸው ሲያልቅ ምግቡን አፉ ላይ ይደቅኑበታል። ያኔ ፊቱን ያዞራል፣ በማግስቱም ዘንጉን ሲያይ ይርቃል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልጎረሰ ምግቡ ይውጣ፣ ፓምፑም ይብራ። (ፓምፑን ማብራት መርሳት ከሚታሰበው በላይ የተለመደ ነው።) አንዳንዱ በሁለት ሳምንት ይለምዳል፣ አንዳንዱ ወር አልፎትም ሕያው ብቻ ይፈልጋል፤ በረሃብ ለማስገደድ ብሎ ሳምንት ሙሉ መከልከል ግን ሥጋውን ማስጨረስ ነው። የበላበትን ቀንና የጎረሰውን ብዛት ወረቀት ላይ መጻፍ ሞኝነት ሊመስል ይችላል፤ ዓሣው ራሱ የማይናገረውን የሚናገረው ግን ያ ወረቀት ነው።

በወር ሁለት ጊዜ ገደማ ቆዳውን ይገፍፋል። ቀለሙ ይደበዝዛል፣ እርጥብ ሶፍት የመሰለ ስስ ነገር በሰውነቱ ላይ ይላቀቃል፤ ከራሱ በኩል ተሰንጥቆ ወደ ጭራው እየተንሸራተተ ይወልቃል። በላዩ የበቀለው አልጌም አብሮት ይሄዳል። ይህን አይቶ «ፈንገስ ነው» በሚል የመዳብ መድኃኒት የሚጨምር ሰው ጤነኛ ዓሣ ላይ መርዝ አፈሰሰ ማለት ነው። መለያው እንዲህ ነው፦ ነጭ ነጥብ የሚባለው በሽታ እንደ ጨው ፍሬ ተለያይቶ ይታያል፤ ግፈፋው ግን እንደ ላስቲክ በቁራጭ በቁራጭ ነው፣ አተነፋፈሱም አይለወጥም። በየጥቂት ቀኑ የሚገፍፍ ከሆነ ሰውነቱን የሚያሳክከው ነገር አለ፤ ከመድኃኒት በፊት ውሃው ይለካ።

አብሮት የሚኖረውን መምረጥ አጭር ጉዳይ ነው። አፉ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ዓሣና ሽሪምፕ ሁሉ ምግቡ ነው። ትሪገርፊሽና ፓፈርፊሽ የተባሉት ዓሦች ክንፉን ይነጫጩታል። ፈጣን በሊታዎች ሰላማዊ ቢሆኑም ዘንጉ ሳይደርስ ምግቡን ይጨርሱበታል፤ ገንዳው ውስጥ ጠብ ሳይኖር የሚራበውም በዚህ ነው። በመጠን የሚመጣጠን የራሱ ዓይነት አንድ ሌላ ቢጨመር ግን ችግር የለውም።

መርዙን በተመለከተ ሻጮች ወይ ያጋንኑታል ወይ ይተዉታል። በጀርባ ክንፉ ላይ 12 እሾህ አለው፣ በሆዱ በኩልም እሾሃማ ክንፎች አሉት። በኃይለኛ መርዙ የሚታወቀውን የድንጋይ ዓሣን ያህል አደገኛ አይደለም፤ ቢሆንም ይወጋል፣ ያማል። አያሳድድም፤ የሚወጋው ድንጋይ ሲጸዳ በእጅ ሲጫኑት ነው። እጅ ከመግባቱ በፊት ዓሣው የት እንዳለ በዓይን ይረጋገጥ፣ የላስቲክ ጓንት እሾህን አይመልስም። ከወጋ መርዙ በሙቀት የሚበላሽ ፕሮቲን ስለሆነ የተወጋው ቦታ ከ45 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይነከር፤ ሕመሙ ቢበርድም ቁስሉን ሐኪም ይየው። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ፊት ካበጠ ውሃ ማሞቅ ላይ ጊዜ አይባክንም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። የውሃው ሙቀት የሚለካው በቴርሞሜትር ነው፤ ከሌለ ባልተወጋው እጅ ይሞከር፣ የተወጋው እጅ እየተቃጠለም ላያውቀው ይችላልና።