ስድስት ቅዳሜዎች ስለ ጡዘት፦ በጅማ የወሰድኩት የአጭር ልቦለድ ሥልጠና

በዚህ ክረምት በጅማ ከተማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በአንድ የኪራይ አዳራሽ ለስድስት ተከታታይ ቅዳሜዎች የተሰጠውን የአጭር ልቦለድ አጻጻፍ ሥልጠና ተከታትያለሁ። ክፍያው 1,800 ብር ሲሆን ለእያንዳንዱ ቅዳሜ 3 ሰዓት ተመድቦለታል። ማስታወቂያው «አንባቢን እስከ ጡዘቱ ይዞ መዝለቅ» (ጡዘት የታሪኩ ውጥረት ጫፍ የሚደርስበት ቦታ ነው) የሚል ስለነበር እኔም የምመዝነው በዚሁ ቃል ነው፤ ውጥረትን መገንባትና ማርገብን ተምሬ ወጥቻለሁ ወይስ አልወጣሁም?

የመጀመሪያው ቀን በትውውቅና በቃላት ፍቺ አለፈ። በዚያው ዕለት የታደለን ጽሑፍ ግን ከሥልጠናው ሁሉ ደካማው ክፍል ነው። ጀርመናዊው ደራሲ ጉስታቭ ፍራይታግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1863 ያቀረበውን ባለ አምስት ክፍል የድርሰት ንድፍ ከነሥዕሉ አስፍሮታል፤ መግቢያው፣ ሽቅብ የሚወጣው ድርጊት፣ በመካከል ላይ የተቀመጠው ጡዘት፣ ቁልቁል የሚወርደው ድርጊትና መደምደሚያው ሁሉም በየቦታቸው አሉ። ፍራይታግ ይህን የነደፈው አምስት ገቢር ላለው ተውኔት መሆኑን ግን ጽሑፉ በአንድ መስመር እንኳ አይጠቅስም። በዚህ የተነሣ አንድ የሥልጠና ባልደረባችን ባለ 10 ገጽ ታሪኩን በ5ኛው ገጽ ላይ አጡዞ፣ የቀሩትን ገጾች ለቅሶ ደራሽ ሲያመላልስባቸው ሰማን። አጭር ልቦለድ እንዲህ ያለ ረጅም ቁልቁለት አይችልም፤ ጡዘቱ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ነው የሚያምርበት።

አሠልጣኙ በቃል ሲያስተምሩ ግን ከወረቀታቸው እጅግ ይሻላሉ። በሁለተኛው ቅዳሜ «ጡዘት» የሚለውን ቃል ከፈትል ጀምረው ነበር ያስረዱን። እንዝርት ሲሾር ክሩ ይከራል፣ ይጠነክራል፤ ከልክ በላይ ሲጦዝ ግን ወይ ይቋጠራል ወይ ይበጠሳል፤ ስለዚህ ፈታይዋ አልፎ አልፎ እንዝርቷን አቁማ የተፈተለውን ትጠቀልላለች። እናቴ ስትፈትል እያየሁ ያደግሁ ሰው ሆኜ ሳለ ይህን ከልቦለድ ጋር አያይዤው አላውቅም ነበር።

የከፈልኩት ገንዘብ የተመለሰልኝ በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ለሁላችንም አንድ ሁኔታ ተሰጠን፤ አንዲት እናት ከአዲስ አበባ የሚመጣ ልጃቸውን በጅማ መናኸሪያ ይጠብቃሉ። ያንን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ መኪና ጊቤ በረሃ ላይ ሲዘገይ ቤተሰብ ምን ምን እንደሚያስብ ስለሚያውቅ፣ ሥጋቱን ለመፍጠር ብዙ ማብራራት አላስፈለገንም። እኔ አምስት አውቶቡሶች አስገባሁ፤ ከአንዱም ልጁ አይወርድም፤ በእያንዳንዱ የእናትየውን ጭንቀት ከፍ እያደረግሁ ሄድኩ። ጮክ ብዬ ሳነብ ከሦስተኛው አውቶቡስ በኋላ አዳማጩ ስልኩን መነካካት ጀመረ። አሠልጣኙ አንብቤ እስክጨርስ ጠብቀው «እኚህን ሴት አንድ ጊዜ እንኳ አላሳረፍካቸውም፤ ያላረፈ ሰው እንደገና እንዴት ይደንግጥ?» አሉኝ።

ሁለቱን አውቶቡሶች አወጣሁ። ከቀሩት ሦስቱ በሁለተኛው ላይ ረዳቱ አንድ ፌስታል አቀብሏቸው «ልጅዎ ነው የላከው፤ ከኋላ ባለው መኪና ይመጣል» እንዲላቸው አደረግሁ። እናትየው ተቀመጡ፤ ሻይ አዘዙ፤ አጠገባቸው ካለችው ቆሎ ሻጭ ጋር ስለ ልጃቸው አመል እያወሩ ሳቁ። ከዚያ ሦስተኛው መኪና ገብቶ የመጨረሻው ተሳፋሪ ሲወርድና ረዳቱ በሩን ሲዘጋ፣ አዳራሹ ጸጥ አለ። ስለ ጭንቀታቸው የጨመርኩት አንድም ቃል የለም፤ እንዲያውም ቀንሻለሁ። ያቺ አጭር እፎይታ ለእናትየው የሚያጡት ነገር ሰጠቻቸው፤ በአምስቱ አውቶቡሶች ውስጥ ይህ አልነበረም።

በአራተኛው ሳምንት አሠልጣኙ የታሪክን አወጣጥ በአቦል፣ በቶናና በበረካ ሊመስሉ ሞክረው ነበር። አብረውን የሚሠለጥኑ አንድ በቡና ቅምሻ ሥራ የኖሩ ጡረተኛ እጃቸውን አውጥተው «መምህር፣ ቡና እኮ የሚወፍረው አቦሉ ላይ ነው፤ በረካ ሲደርስማ ቀጥኗል፤ ታሪክዎ እንዲህ ከሆነ አንባቢው ቀድሞ ይነሣል» አሏቸው። ሁላችንም ሳቅን፤ አሠልጣኙም «እውነትዎን ነው ጋሼ» ብለው አመኑ። ጡረተኛው ግን በዚህ አላበቁም፤ ውጥረቱ ያለው ከአቦል በፊት፣ በመታጠቡ፣ በመቆላቱ፣ ጭሱ በቤቱ ሲዞር፣ ሙቀጫው ሲመታ፣ ጀበናው ሊገነፍል ሲልና ወጣ ተደርጎ ሲሰክን እንደሆነ አስረዱ። ጀበናው እስኪሰክን የሚጠበቅባት ያቺ ጊዜ፣ እንደኔ ግምት፣ ከሥልጠናው ጽሑፍ ሁሉ ይልቅ ከጡዘት በፊት ስላለው ዝምታ ታስተምራለች።

ቅር ያለኝ ደግሞ ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከውጭ ፊልሞች መወሰዳቸው ነው። እንቆቅልሽ ያለው ሕዝብ ስለ ልብ ሰቀላ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» የሚል መላሽ ጥያቄው ሲከብደው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል፤ መላሹ ጅማን ቢሰጠው እንኳ ጠያቂው ፍቺውን ወዲያው አይናገርም፤ ባገኘው አገር እየተኩራራ፣ ተሸናፊውን እየሰደበ ያቆየዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አዲስ መረጃ አይጨመርም፤ የሚረዝመው መጠበቁ ብቻ ነው፤ ሆኖም ልጆቹ ፍቺውን ለመስማት ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ሰምና ወርቅም ለዚሁ ትምህርት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ይገባው ነበር፤ ኅብረ ቃሉ ተፈትቶ ወርቁ ሲወጣ ሰሚው «አሃ» የሚለው፣ ቀድሞ በሰሙ ስለተዘናጋ ነው።

አምስተኛው ቅዳሜ በዝናብ አለፈ። የጅማ ክረምት በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የአሠልጣኙ ድምፅ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም፤ መብራትም ጠፍቶ ነበር። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። የስድስተኛው ቀን ግን የአዘጋጆቹ ጥፋት ነው። ሁላችንም የመጨረሻ ታሪካችንን እንድናነብና አስተያየት እንድናገኝ ቃል የተገባልን ሲሆን፣ 22 ሠልጣኞች በ3 ሰዓት ውስጥ ሊዳረሱ ስለማይችሉ 9 ሰዎች ብቻ አንብበው የምስክር ወረቀት ወደ ማደሉ ተገባ። እኔ ከዘጠኙ አንዱ ነበርኩ፤ በሌላ ቀን እንደሚጠሩ ተነግሯቸው ረቂቃቸውን አጥፈው ከወጡት አሥራ ሦስቱ መካከል የቡና ቀማሹ ጡረተኛም ነበሩበት፤ ይህን እስክጽፍ ድረስ አልተጠሩም።

ጀምሮ ያቋረጠው ረቂቅ ላለው ሰው ሥልጠናው ክፍያውን ያወጣል እላለሁ፤ ሦስተኛው ቅዳሜ ብቻውን ረቂቁን ሊያስተካክልለት ይችላል። ገና መጻፍ ላልጀመረ ሰው ግን የሠልጣኙ ቁጥር ካልተቀነሰ በቀር አልመክርም። የሚመዘገብ ካለ የፍራይታግን ሥዕል ወደ ጎን ያድርገው፤ በክረምት ከሆነ ደግሞ ቀደም ብሎ ደርሶ የፊተኛውን ረድፍ ይያዝ።