ይጠገን ወይስ ይቅለጥ?

አያታችን የተዉልን የወርቅ ሐብል አለ። መሃሉ ላይ ቀይና አረንጓዴ ድንጋይ፣ ዳር ዳሩን ትናንሽ ሉሎች። ማያያዣው ስለላላ እህቴ "እዚሁ አዳማ ወርቅ ቤት አቅልጠን አዲስ እናሠራበት" አለች። እኔ ይጠገን ባይ ነኝ።

የእሷም ሐሳብ እውነት አለው። አዲሱ ጠንካራ ይሆናል፣ በየቀኑም ይደረጋል። 21 ካራት ከሆነ 87.5 በመቶው፣ 18 ካራት ከሆነ 75 በመቶው ንጹህ ወርቅ ነው፤ ስለዚህ ካራቱ ይለካ። ግን ሲቀልጥ የሚቆጠረው የወርቁ ግራም ነው። ያ ሁሉ የእጅ ሥራ ከንቱ ይቀራል። ለአዲሱም የእጅ ዋጋ እንደገና ይከፈላል።

መጠገን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሉል እሳት አይችልም፤ አንጥረኛው ከመበየዱ በፊት ሉሎቹን ማውጣት አለበት። ሽቶና ላብም ያደበዝዙታል። ስለዚህ ለሠርግና ለበዓል ብቻ ይደረጋል፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ተጠርጎ ከሌላ ጌጥ ተለይቶ ይቀመጣል።

ትናንት መስኮት ላይ ይዤ አየሁት። አንዱ ሉል በአንድ ጎኑ ቢጫ መትቶታል። የአያቴን አንገት ሲነካ የኖረው ጎን ይመስለኛል። ለእህቴ አሳየኋት፤ ዝም ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ቅዳሜ ማያያዣውን ብቻ እናስቀይራለን።